የትርንጎ እንሶስላ

አባባል ዝም ብሎ ከአፍ አይበቅልም። አንዱ ሲሳሳት፣ ሌላው ሲያየው፣ ያየውም ሰው አፉ የማያርፍ ሲሆን ያኔ ነው የሚወለደው። እኛ አገር ጎረቤቷ ምን ሠራች እያለች በአጥር ቀዳዳ ስታጮልቅ የራሷን ወጥ ያሳረረች ሴት ካለች የምትባለው ነገር አለ። ሁሉም ይላታል፤ ከየት እንደ መጣ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። የቅናት ነገር ስለሆነ፣ «እኔን አይነካኝም» የምትል ካለች እሷ አስቀድማ ቀረብ ብላ ትስማ።

ከወይራምባ ተራራ ግርጌ አንጓች የምትባል ልጃገረድ ነበረች። እግሯ ጠንካራ፣ ምላሷም ከእግሯ የማያንስ። ጫካውን እንደ ጓዳዋ ታውቀዋለች። ከጎረቤቷ ልጅ ከትርንጎ ጋር አብረው ውሃ እየቀዱ፣ አብረው እየተቀጡ ነው ያደጉት፤ ኩፍኝ እንኳ የወጣባቸው እኩል ነው። ስለዚህ ትርንጎ ለጋብቻ ስትታጭ፣ እግሯን እንሶስላ የሚያሞቃት ማን እንደሚሆን አንጓች አስባበትም አታውቅ። ጠዋት ፀሐይ ትወጣለች ወይ ብሎ የሚጠይቅ አለ?

የአገሩ ደንብ እንዲህ ነው፦ የሙሽሪትን እግር እንሶስላ የምታሞቀው የልብ ጓደኛዋ ናት። ሥሩን ከገበያ አትገዛውም፤ ራሷ ጫካ ወጥታ፣ በእጇ ቆፍራ አምጥታ ከሙሽሪት ጭን ላይ ታስቀምጠዋለች። ያቺ ያመጣችው በሠርጉ ቀን ከሙሽሪት ጎን ትቀመጣለች፤ ዘፈኑንም የምታወጣው እሷ ናት። እስከ ዕለተ ሞቷ አገሩ ሁሉ «የእገሊት እህት» እያለ ይጠራታል።

ታዲያ በዚህ መሀል ድንቄ አክስቷ ዘንድ ልትኖር ከቆላ መጣች። ድንቄ እግሯ ያምራል። ጎረምሶቹስ ይሁን፤ ባልቴቶቹ ሳይቀሩ «ኧረ አረማመዷን እዩልኝ! መሬቱን የምትረግጠው እኮ አትመስልም!» ይሉ ጀመር። አንጓች ይህን ስትሰማ «ካልረገጠችው ታዲያ ምኑን አረማመድ ሆነ?» ትላለች። ይባስ ብሎ ትርንጎ ውሃ ስትወርድ ድንቄን መጣራት ለመደች። ሁለቱ ሲሳሳቁ አንጓች ከደረሰች ሳቁ የሚያልቅ ይመስላታል። አንዳንዴ እውነትም ያልቃል፤ ፊቷን አይቶ የሚስቅ የለማ።

ሠርጉ ሲቃረብ ትርንጎ ከሁለቱ አንዷን መምረጥ ጨነቃት። አንዷን ስትል የሌላዋ ዓይን ይታያታል። መጨረሻ ላይ እናቷ እትዬ ጥሩወርቅ ገላገሏት።

«ሁለታችሁም ውጡ» አሉ። «ሥሩን ቀድማ ከልጄ ጭን ላይ ያስቀመጠች ታሙቃት። እኛ ከምንጣላ ጫካው ይምረጥ።»

አንጓች በሆዷ ሳቀች። ይቺ ዝንጀሮ ስታባርር ያደገች የቆላ ልጅ ናት ከእኔ ጋር ተራራ የምትወጣው? አለች። ፍርዱ ያለቀለት መሰላት።

በማግስቱ ጉሙ ከዛፎቹ ጫፍ ሳይነሳ ሁለቱም ወጡ። ከትልቁ ዝግባ ሥር መንገዱ ሁለት ይሆናል። አንዱ ቀጥ ያለ አቀበት ነው፤ አንጓች የምታውቀውና እንሶስላ የማይጠፋበት የላይኛው ምንጭ ያለው በዚያ ነው። ሌላው ወንዙን ተከትሎ በጥላ በጥላ የሚዞር ለስላሳ መንገድ ነው።

«አንጓችዬ፣ የቱ ይሻለኛል?» አለች ድንቄ።

«ሁለቱም ወደ ላይ ነው የሚሄዱት።»

«ተራራ አይደል፣ ወዴት ሊሄዱ ኖሯል! ለእንግዳ የሚሻለውን ንገሪኝ እንጂ።»

«የአንቺ እግር መሬት አይነካ የለ፤ ያሻሽን ያዢ።»

ድንቄ ከት ብላ ሳቀችና የወንዙን መንገድ ያዘች። አንጓችን ያበሸቃት ይህ ሳቅ ነው። ሰው ሲሰደብ ይስቃል? ቢያንስ መሰደቧን አታውቅም?

አንጓች አቀበቱን እንደ ፍየል ተያያዘችው። ወይራውን አለፈች፣ ኮሶዎቹን አለፈች፤ ጉሬዛዎች ከላይ ሆነው ጅራታቸውን አንጠልጥለው አዩዋት። ትንሽ ብትገፋ ምንጩ ጋ ትደርስ ነበር። ግን ዞር ብላ ቁልቁል አየች። ማየት አልነበረባትም፤ አየች። በቅጠሉ መሀል የድንቄ ነጭ ነጠላ ይታያል። ድንቄ አትሮጥም። አትቸኩልም። አበባ እየቀነጠሰች፣ እያንጎራጎረች ትሄዳለች።

ለምንድን ነው የማትቸኩለው? አለች አንጓች። መንገድ የማያውቅ ሰው ይርበተበታል እንጂ ይዘፍናል? ቦታውን የነገራት ሰው አለ ማለት ነው። ማን? ከትርንጎ ሌላ ማን ሊነግራት!

ከዚያ ወዲያ ምንጩም እንሶስላውም ከሐሳቧ ጠፋ። አቀበቱን በወጣችበት እግር ቁልቁል ተንደረደረችና ከድንቄ ኋላ ደረሰች። ከግንድ ግንድ እየተከለለች ትከተላት ጀመር። ደረቁ ቅጠል ከጫማዋ ሥር ሲንኮሻኮሽ ድንቄ ቀና አለች፤ አንጓችም ትንፋሿን ዋጠች። ከዚያ ኮቴዋ እንዳይሰማ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘችው። አያችሁ፣ ቅናት መጀመሪያ የሚያስወልቀው ጫማ ነው።

ወንዙ ከድንጋይ ላይ የሚንጠባጠብበት ጥላማ ቦታ ሲደርሱ ድንቄ ተቀመጠች። ጫማዋን አወለቀች፣ እግሯን ውሃ ውስጥ ከተተች። አንጓች ከአንድ ለምለም ቁጥቋጦ ውስጥ አጎንብሳ አፈጠጠች። ቅጠሉ ፊቷን ይነካካታል፣ ነጩ አበባው ፀጉሯ ላይ ይረግፋል፤ ልብም አላለችው። ዓይኗ ያለው ውሃው ውስጥ ነው። ምኑ ነው የሚያምረው? ጣቶቿ ረዛዝም ናቸው። ተረከዟ እንደ ሕፃን ልጅ ነው፤ ሥራ ቢሠራ እንዲህ ይሆን ነበር? ድንቄ እግሯን ስታነሳ አንጓች አንገቷን አሰገገች፤ ድንቄ አንድ ርምጃ ስትራመድ፣ አንጓችም ይበልጥ ለማየት ሳታይ አንድ ርምጃ ወደ ጎን ረገጠች።

ጩኸቷ ጉሬዛዎቹን በተናቸው።

የአጋም እሾህ ነው፤ ከውስጥ እግሯ ገብቶ ወደ ላይ ሊወጣ ምንም አልቀረው።

«ማነው እዚያ? ነብር ነው ሰው?» የሚል ድምፅ ከሰማይ መጣ። ቀና ስትል አያ ደምለው ናቸው፤ ንብ ቀፎ ሊሰቅሉ ከአንድ ዋርካ ላይ በጠፍር ታስረው ተንጠልጥለዋል።

«ሰው ነኝ አያ ደምለው!»

«ሰው ከሆንሽ ነብር ከሚያደባበት ቦታ ምን ትሠሪያለሽ?»

ድንቄ በባዶ እግሯ ውሃውን እየረጨች ሮጣ መጣች። መጀመሪያ አንጓችን አየች፣ ቀጥላ ቁጥቋጦውን፣ ከዚያ እጇን አጨበጨበች። «እሰይ! አገኘሽው እኮ! አክስቴ 'ነጭ አበባ ያለው፣ ቅጠሉ ለስላሳ' ያለችኝ ይኸው አይደለም? አንጓችዬ፣ እንሶስላው ውስጥ እኮ ነው የተቀመጥሽው!»

አንጓች ዞር ብላ አየች። እውነት ነው። ዓይኗ ሥር የበቀለውን አላየችም።

አያ ደምለው ወርደው ሌላ እሾህ ቆረጡና እሾሁን በእሾህ አወጡላት። በእጇ የያዘችውን ጫማ አዩና «ጫማ የሚጫሙት በእጅ ሆነ እንዴ ዛሬ?» አሉ።

«ውሃውን ልሻገር ብዬ ነው።»

«ውሃው እኮ ወዲያ ነው» አሉ።

ድንቄ የነጠላዋን ጥለት ቀዳ ቁስሉን አሰረችላት። ሥሩን ቆፍራ አወጣች፣ አፈሩን አራግፋ በአንጓች እጅ አኖረችው። «ያገኘሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺ አስቀምጪላት።» አንጓች ተቀበለች እንጂ አላመሰገነችም። ከምትጠላው ሰው የመጣ ደግነት ከአጋም እሾህ ይብሳል፤ የሚነቀልበት ሌላ እሾህ የለውም።

አያ ደምለው አዝለዋት ወረዱ። እነ ትርንጎ ግቢ ውስጥ ሴቶቹ እልል አሉ፤ አንጓች ጀርባቸው ላይ እንዳለች ጎንበስ ብላ ሥሩን ከትርንጎ ጭን ላይ አስቀመጠችው። ትርንጎ እንባ ባቀረረ ዓይኗ ሳቀችና ሁለት እግሯን ወደ አንጓች ዘረጋች። በቃ፣ አለቀ፤ አንጓች አሸነፈች። እዚያ ላይ አፏን ብትዘጋ እኔም የማወራው አይኖረኝም ነበር።

ግን አንዲት ጎረቤት «ውይ፣ ይቺ ልጅ! ነጠላዋን እንኳ ቀዳ ነው ያሰረችላት!» ብላ የድንቄን ትከሻ አሻሸች። ሌላዋ ተቀበለች፤ «የሚያምረው እግሯ ብቻ መስሎኝ፣ ለካ ልቧም ነው።» የሴቶቹ ዓይን ሁሉ ወደ ድንቄ ዞረ። የአንጓችም ዞረ። የተዘረጋውን የትርንጎን እግር ትታ ድንቄን አየች።

«ማሰሩንማ ታስር!» አለች። «እሾህ ውስጥ የከተተችኝ ራሷ አይደለች? 'ቦታውን አውቃለሁ፣ በዚህ እንሂድ' ብላ እየመራች!»

ድንቄ አሁን ግን አልሳቀችም። ትርንጎ አንዴ ከዛሬ በፊት ጫካውን ረግጣ የማታውቀውን የቆላ ልጅ፣ አንዴ ዓይኗ ቢታሰር እንኳ ተራራውን የማትስተውን አብሮ አደጓን አየች። ከዚያ የዘረጋቻቸውን እግሮች ቀስ ብላ ሰብስባ ከቀሚሷ ሥር ከተተቻቸው።

እትዬ ጥሩወርቅ ወደ አያ ደምለው ዞሩ። «እርስዎ እዚያው ነበሩ። በሞቴ እውነቱን ይንገሩን፤ ይቺን ልጅ እሾህ ላይ የጣላት ማን ነው?»

አያ ደምለው አንጓችን ከጀርባቸው አውርደው መደብ ላይ አስቀመጧት፤ ላባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና «እኔ ዛፍ ላይ ነበርኩ፤ ከላይ ሆኖ ለሚያይ የሁሉም እግር ይታየዋል፤ ማንም አልጣላትም እትዬ፣ የሰው እግር ስታይ፣ የራሷ እሾህ ላይ» አሉ።