ጭቃ ሹም ቸኮል በሆዱ የያዘው ነገር

«ተረት ተረት!»

«የላም በረት!»

በረቱን ዝጉልኝ። የዛሬው ተረት ከዚህ ቤት የሚወጣ አይደለም።

አስቀድሜ ይቅርታ ልለምናችሁ። ይህን ማውራት ለእኔ ዕድሜ ነውር ነው። ራቱን በበላ ሰው ፊት ማውራት ደግሞ ከነውርም ነውር ነው። ነገር ግን አፍረው ዝም በማለት የሞቱ ሰዎች አሉ፤ ተናግሮ የሞተ ግን አላየሁም። የምትስቅ ካለች ነጠላዋን አፏ ላይ ታድርግ። እኔ አልስቅም። የሹም ነገር ነው።

በድሮ ዘመን፣ ከተራራ ማዶ ባለ አገር፣ ቸኮል የሚባል እግረኛ መልክተኛ ነበር። እየሄደ ቆሎ ይቆረጥማል። ቤቱ ሲገባ ጎመንና የባቄላ ንፍሮ ይበላል። ካገኘው ምንጭ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ይጠጣል። ሆዱም እንደ እግሩ ነበር፤ ሰዓቱን አይስትም። ዶሮ ሲጮህ ብድግ ይልና ሜዳ ይወጣል። ሜዳ መውጣት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ አታስለፍልፉኝ። ጎረቤቶቹም፦ «ቸኮል ወጣ፤ ነግቷል» እያሉ ይነሡ ነበር።

አንድ ቀን የአገሩ ጭቃ ሹም ሞተና ቸኮል መርዶውን ለአገረ ገዢው ይዞ ሮጠ። የሦስት ቀኑን መንገድ በአንድ ቀን ተኩል ጨረሰው። አገረ ገዢውም ተደነቀና፦ «ሲሮጥ እንዲህ የሆነ ሰው፣ ቢቀመጥማ እንዴት ሊሆን ነው!» አለ። ከዚያም ሾመውና አስቀመጠው። የመንግሥት ጥበብ ነው፤ እኛ ምን አግብቶን።

ሚስቱ እንጉዳይ ያን ዕለት «አንተ» ማለት ትታ «አንቱ» አለችው። ቆሎውን ለዶሮዎች በተነችው። ጎመኑንም ከነሥሩ ነቀለችው።

ቸኮልም፦ «ኧረ ጎመኔን!» አላት።

እንጉዳይ፦ «ሹም ጎመን በላ ተብሎ ሊወራብን ነው? ጎመን በጤና የሚለው ሥጋ ያጣ ሰው ነው» አለችው።

ከዚያም ጠዋት ጥሬ ሥጋ ሆነ። ቀትር ላይ ቅቤ ያንሳፈፈ ዶሮ ሆነ። ማታ ደግሞ ከቀትር የተረፈው። ውሃ የድሃ ነው ተባለና ጠጅ ብቻ ሆነ። እግሩም ሥራ ፈታ፤ ጎረቤት ለመድረስ እንኳ በቅሎ ይጫንለታል።

በተሾመ በሦስተኛው ቀን ዶሮ ጮኸ። ቸኮል አልወጣም። በአራተኛውም ጮኸ፤ አልወጣም። በአምስተኛው ቀን ጎረቤቶቹ ሁሉ አርፍደው ተነሡ።

ቸኮልን ፍርሃት ያዘው። መደቡ ላይ ተቀምጦ ሆዱን በጣቱ መታ መታ ያደርጋል፤ ሆዱም እንደ ከበሮ ይመልስለታል። ልጅ ሳለ የአባቱ በሬ ሆዱ ተነፍቶ ሲሞት አይቶ ነበር። በሬው መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያም ዓይኑ ፈጠጠ። ከዚያም ወደቀ። ቸኮልም ብርሌውን አንሥቶ በመስታወቱ ዓይኑን ያያል። ፈጧል ወይስ አልፈጠጠም? እሑድ ደግሞ ሾላው ሥር የመጀመሪያ ችሎቱ ነው። ሞቱስ ይሁን፤ በችሎት መካከል ሆዱን ይዞ ቢወድቅ ለልጅ ልጅ ምን ተብሎ ሊወራ ነው?

በሰባተኛው ቀን ሲጨንቀው ለሚስቱ ሊነግራት ቆረጠ። ግን አፉ «ሜዳ» አልል አለው፤ የሹም አፍ ሆኗላ።

ቸኮል፦ «እንጉዳይ፣ በሆዴ የያዝሁት ነገር አለ። አልወጣልኝ ብሏል። ይገድለኛል መሰለኝ። ለማንም እንዳትናገሪ» አላት።

እንጉዳይ ደነገጠች። እንደምታውቁት በእኛ አገር ሰው በሆዱ ያዘ ከተባለ ቂም ያዘ ማለት ነው። እሷም ለማንም አልተናገረችም፤ ለጎረቤቷ ለስንዱ ብቻ ነገረቻት። ስንዱም ለማንም አልተናገረችም፤ ወንዝ የወረዱትን ሴቶች ግን ማን ይቆጥራቸዋል። ሲነጋ አገሩ በሙሉ፦ «ሹሙ ቂም ይዟል፤ በማን ላይ እንደሆነ አልታወቀም» እያለ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

መጀመሪያ የመጣው ቢሻው ነው። እርሻው ከቸኮል እርሻ ጋር ይዋሰናል። አንድ ቅል ቅቤ ይዞ መጣና እግሩ ላይ ወደቀ።

ቢሻው፦ «ጌታዬ፣ በሆድዎ የያዙትን ሰምቻለሁ።»

ቸኮል እንደ በርበሬ ቀላ። «ማን ነገረህ?»

«አገሩ ሁሉ ያውቃል።»

«አገሩ ሁሉ? ወይኔ ቸኮል!»

«ጥፋቱ የእኔ ነው ጌታዬ።»

«አንተ ምን አጠፋህ? የበላሁት እኔ ነኝ።»

«ኧረ የበላሁትስ እኔ ነኝ! ድንበሩን ገፍቼ ሁለት ክንድ በላሁ። አምና ክረምት ነው።»

ቸኮል ከመደቡ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «አምና የበላኸው እስካሁን አልወጣልህም?»

«እንዴት ይወጣልኛል ጌታዬ! እንቅልፍ ነሥቶኛል።»

ቸኮል በላብ ተጠመቀ። ዓመት ይቆያል ማለት ነው።

ቢሻውም፦ «ቅቤውን ካልቀመሱልኝ ይቅር አላሉኝም» ብሎ ለመነው። ቸኮልም ቀመሰ።

ከቢሻው በኋላ ጠላ ሻጯ መጣች፤ ጠላውን በውሃ ማቅጠኗን ተናዘዘችና አንድ ዶሮ ሠርታ አቀረበች። ደብተራው መጣ፤ የሰው እንደሆነ ከሚያውቀው ቀፎ የቆረጠውን ማር አመጣ። ሌላው ሙክት ጎተተ። አልበላም ቢል ይቅር አላለም ይባላልና ቸኮል ከሁሉም በላ። እስከ ማታ የአገሩ ሆድ ሁሉ ጸዳ። የቸኮል ብቻ ቀረ።

ዓርብ ጠዋት እማማ አስካል መጣች። አዋላጅ ናት፤ ቸኮልንም ወደዚህ ዓለም ያወጣችው እሷ ናት። ምንም ይዛ አልመጣች። ደጃፉ ላይ ቆማ ፊቱን አየች፤ ሆዱን አየች።

አስካል፦ «አንተ ቸኮል! ሜዳ ከወጣህ ስንት ቀን ሆነህ?»

ቸኮል ያን ቃል ሲሰማ እንባው መጣ። «ሰባት ቀኔ ነው እማማ። ልሞት ነው?»

«ምን ስትበላ ከረምህ?» ነገራት። «ምንስ ስትጠጣ?» ነገራት። «የትስ ስትሄድ?» በቅሎዋን ጠቆማት።

«ኮሶ ልጠጣ እንዴ እማማ?»

«ኮሶ ለኮሶ ትል ነው። ያንተ በሽታ መደቡ ነው። ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ ሲባል አልሰማህም? ይህን ሁሉ የሹመት ጫጫታ የሚያበርደው ተልባ ነው። ዛሬ ተልባ በውሃ ጠጣ። ከእኔ ጓሮ ጎመን አስቆርጥና ብላ። ውሃ ጠጣ፣ አሁንም ጠጣ። ሲነጋ እስከ ወንዙ ማዶ ሂድ። በእግርህ አልሁ! በቅሎዋ ስለሄደች የምትድነው በቅሎዋ ናት።»

ቸኮልም እንዳለችው አደረገ። ቅዳሜ ዶሮ ሲጮህ ሆዱ ከስንት ቀን በኋላ ጉርር አለ። ልቡ በደስታ ዘለለ፤ ብድግ ብሎ በሩን ከፈተ።

የአገሩ ሽማግሌዎች ሁሉ በአንገታቸው ድንጋይ ተሸክመው ደጃፉ ላይ ተንበርክከዋል።

ትልቁ ሽማግሌ፦ «በሆድዎ የያዙት እስኪወጣ ድረስ ከዚህ አንነሣም!» አሉ።

ቸኮል፦ «አሳልፉኝ! ላወጣው ነው!»

«እንግዲያው እዚሁ በፊታችን ያውጡት!»

«በፊታችሁማ አይሆንም!»

«አገር ምስክር ሆኖ ይየው እንጂ ጌታዬ!»

እማማ አስካልም ከጓሮ ብቅ አለችና፦ «ከወንዙ ማዶ ብቻውን ነው የሚያወጣው፤ ልቀቁት» አለች። እነሱም መንገድ ለቀቁ። ነገር ግን ሹም ያለ አጃቢ አይሄድም፤ ድንጋያቸውን እንደ ተሸከሙ ተከተሉት። ቸኮል ፈጠን አለ። እነሱም ፈጠን አሉ። ዘወር ብሎ፦ «ተመለሱ!» አላቸው። እነሱም፦ «ይቅር ይበሉን!» አሉት። ከኋላው አገሩ ይገፋዋል፤ ከውስጡም ስምንት ቀን ይገፋዋል። የቱ እንደሚቀድም እግዜር ይወቅ።

ያን ጊዜ መልክተኛ እንደ ነበር ትዝ አለው። ካባውን ጣለና ሮጠ። ወንዙን ተሻግሮ ቁጥቋጦው ውስጥ ጠፋ።

አገሩም ወንዙ ዳር ቆመ። ድንጋዩ በአንገቱ ነው። ቢሻው ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልያል። ቆየ። በጣም ቆየ። ከዚያም ከማዶ፦

«ወጣልኝ!»

ገደሉም፦ «ወጣልኝ… ወጣልኝ…» ብሎ መለሰ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ድንጋዩ ሁሉ መሬት ወደቀ። ባላንጣ ከባላንጣ ተሳሳመ። ቢሻውም በዚያው ሰዓት ሄዶ ሁለት ክንዱን መለሰ።

እሑድ ቸኮል ችሎቱን በእግሩ እየዞረ፣ ድንበሩን በዓይኑ እያየ ዳኘ። እንጉዳይም ጎመኑን መልሳ ተከለች፤ «አንቱ»ን ትታም፦ «አንተ፣ ጎመንህን ጨርስ!» ማለት ጀመረች።

የዚያ ድንጋይ ክምር ዛሬም ወንዙ ዳር አለ፤ የተጣላ ሰው የሚታረቀው እዚያ ነው። ስሙም «የይቅርታ ሜዳ» ይባላል። ለምን ሜዳ እንደ ተባለ የሚያውቁ ቸኮልና እማማ አስካል ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም ሳይናገሩ ሞቱ። እኔ እንዴት አወቅሁ? ስንዱ ያን ዕለት ማለዳ ውሃ ልትቀዳ ማዶ ተሻግራ ነበር። እኔ ደግሞ የስንዱ የልጅ ልጅ ነኝ።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦውን ለሹሞች አድርሱ፤ የእኔን አፍ በጎመን አብሱ።

ይህን ግን አደራ፣ ለማንም እንዳትናገሩ። በሆዳችሁ ያዙት። እንዳይወጣ።