ትብለጥ የቀመሰችው ጠላ

እኛ አገር፣ ሰው የራሱን ነገር ደብቆ ጣጣው ሌላው ላይ ሲወርድ የምትባል አንዲት አባባል አለች። ትልልቆቹን ከየት መጣች ብትሏቸው "የጥንት ናት" ብለው ይገላገሏችኋል። እንዳትሰሟቸው። ጥንት ኪኒን የት ነበረና? አባባሏ የወጣችው ከትብለጥ ቤት ነው፤ ያውም በጠራራ ፀሐይ።

የትብለጥ ባል ምትኩ የጎረቤቱን የጓንጉልን የመስኖ ውሃ ወደ ራሱ ማሳ ጠልፎ፣ ሁለቱ ሰላምታ ካቋረጡ ቆይተዋል። ዱላም ተነሥቶ ነበር። በመጨረሻ አባ ይርዳው የሚባሉ ሽማግሌ እየለመኑም እየተቆጡም አስታረቋቸው። እርቅ ግን በአፍ ብቻ አያልቅም፤ ተበዳዩ በዳዩ ቤት ገብቶ ሲበላና ሲጠጣ ነው የሚጸናው። እናም እሁድ ዕለት ጓንጉል ታናሽ ወንድሙን ድልነሳውን አስከትሎ፣ ከአባ ይርዳው ጋር ምትኩ ቤት መጣ።

ትብለጥ ከማለዳ ጀምሮ ወጡን እየደጋገመች ትቀምሳለች። ወጡ ጨው በዝቶበት ይሆን? ድልነሳውስ ዱላውን እንደያዘ በሩ ሥር የተቀመጠው ለምንድን ነው? ይህች ቀን ከተበላሸች ቀጥሎ የሚመጣው ዱላ ብቻ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ በሁለቱም ቤት ጠመንጃ አለ።

ጠላውን ቀዳች። እንደ ደንቡ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ፊታቸው ቀመሰች፤ አስተናጋጅ መርዝ እንደሌለበት የምታሳየው እንዲህ ነው። ከዚያ ዋንጫውን በሁለት እጇ ለጓንጉል ሰጠችው።

ጓንጉል ዋንጫውን ይዞ ያየዋል እንጂ አይጠጣም።

"ምነው አያ ጓንጉል፣ ቀጠነብህ እንዴ?" አለች ለመሳቅ እየሞከረች።

"ኧረ ምን ወጥቶት።"

አሁንም አልጠጣም። ድልነሳው ወንድሙን ያያል። ምትኩ መሬት መሬቱን ያያል። አባ ይርዳው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ጓንጉል፣ ቂሙን ከደጅ ጥለኸው አልገባህም እንዴ?"

ጓንጉል ይህን ሲሰማ ዓይኑን ጨፍኖ ጨለጠው። ትብለጥ "በሞቴ" ብላ ደገመችለት፤ ያንንም አጋመሰው። ያን ጊዜ ትንፋሿ መለስ አለ።

ምን ያደርጋል፤ ብዙም ሳይቆይ የጓንጉል ፊት በርበሬ መሰለ። ላቡ ከግንባሩ ይንቆረቆር ጀመር። ደረቱን በእጁ ይዞ "ልቤ… ልቤ" እያለ ተነሣና ደጃፉ ላይ ሳይደርስ ተንበርክኮ ያስመልሰው ጀመር።

ድልነሳው ተፈናጥሮ ተነሣ። "ምን አጠጣሽው?"

"ጠላ ነው፤ ቀምሼ እኮ ነው የሰጠሁት።"

"የቀመስሽው መዳፍሽ ላይ ያለውን ነው። ዋንጫው ውስጥስ ምን ነበረ?"

ትብለጥ የጠዋቱን በልቧ ቆጠረች። ጋኑን ራሷ አጥናለች፣ ዋንጫውንም ራሷ አጥባለች። ግን ጠዋት ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ቤት የቀረው ማን ነበር? ምትኩ። ዞር ብላ ባሏን አየችው። ምትኩም እሷን እያያት ነው፤ ዓይኑ ውስጥ ያለው ያው የእሷ ጥያቄ ነው። ባልና ሚስት እንዲህ ከሚተያዩስ ቢሰዳደቡ ይሻላል።

ድልነሳው ዱላውን ከፍ አደረገ። ትብለጥ ከጓንጉል ዋንጫ የተረፈውን ብድግ አድርጋ እስከ አተላው ጠጣችው።

"ይኸው። ከሞተም አብሬው ልሙት።"

ቤቱ ሁሉ እሷን እሷን ማየት ያዘ። ሆዷ ጮኸ። "መጣብኝ" አለች በልቧ። ጆሮዋ ጋለ፣ ጀርባዋን ላብ አጠመቀው፣ ፍርሃት ይሁን መርዝ መለየት አቃታት። ቢሆንም ንቅንቅ ሳትል ቆመች። አባ ይርዳው ጎንበስ ብለው የጓንጉልን ራስ ደግፈው ውሃ ያጎነጩታል።

"እሷን ተዋት" አለ ጓንጉል ትንሽ ሲተነፍስ። "ኪኒኑ ነው።"

"የምን ኪኒን?" አሉ አባ ይርዳው።

"ሆዴን አሞኝ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ሲስተሯ አንቲባዮቲክ ነው ብላ ሰጠችኝና፣ ከዚህ ጋር መጠጥ የሚባል እንዳትነካ፣ ጠላም ቢሆን፤ ያስመልስሃል፣ ልብህንም ያዘልለዋል አለችኝ። ዛሬ ጠዋትም ውጬ ነው የመጣሁት።"

"ታዲያ ምላስ የለህም?" አለ ድልነሳው።

"ምን ልበል? በእርቅ ቀን፣ በምትኩ ቤት አልጠጣም ብል መርዝ ፈራ ነው የምትሉኝ። ኪኒን ላይ ነኝ ብልም ሰበብ ፈጠረ ነው።"

"እና መርዝ ፈራ እንዳይሉህ ብለህ መርዘኛ ልታሰኘን ነበር?" አለች ትብለጥ። ዋንጫውን አስቀምጣ መደቡ ላይ ቁጭ አለች። ምትኩ አጠገቧ መጥቶ ተቀመጠ፤ ቀና ብላ ልታየው ግን አፈረች።

"ዱላህን ጣልና ወንድምህን ደግፍ" አሉ አባ ይርዳው ድልነሳውን። "ሲስተሯ ዘንድ እንውሰደው።"

ድልነሳው ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። አፍሯል፤ ግን ያፈረ ሰው አፉን መች ይዘጋል? "እኔ ምን ላድርግ አባ?" እያለ አጉረመረመ። "ቀማሿ እሷ፣ ቀጂዋ እሷ፤ ሌላ ማንን ልያዝ?"

አባ ይርዳው የጓንጉልን ክንድ ትከሻቸው ላይ እያደረጉ፣ "ልጄ፣ ጠላውንስ ቀማሿ ቀመሰችው፤ የጠጪውን ሆድ ማን ይቅመሰው?" አሉት።