አለሁ በይኝ

አለሁ በይኝ ወደሚባለው መንደር በጥቅምት ማለቂያ የሚደርስ እንግዳ ልቡ ድንጉጥ ከሆነ ከበቅሎው ሊወድቅ ይችላል። በየአጥሩ የከብት ራስ አጥንት ተሰክቶ፣ ዓይንና ጥርስ የተቀረጸለት ዱባ በየምሰሶው ተቀምጦ፣ ሰው መሳይ የገለባ ማስፈራሪያ ቡትቶ ለብሶ እጁን እንደዘረጋ በየደጁ ይቆማል። የከተማ ሰው ይህን ሲያይ «ለወፍ ነው?» እያለ ይጠይቃል። ወፍማ ምን ቸግሯት ከሰው ደጅ እህል ትለቅማለች፣ ማሳው ሞልቶላት! ለወፍ አይደለም። ደግሞም ከማስፈራሪያው አጠገብ ሁልጊዜ አንዲት አሮጊት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትገኛለች፤ እሷ ገለባ አይደለችም።

የነገሩ ምንጭ፣ አባቶች ሲነግሩት እንደኖሩት፣ ደብሪቱ የምትባል ሴት ናት። መንደሩ ያን ጊዜ ሌላ ስም ነበረው ይባላል፤ ማን እንደነበር የሚያስታውስ የለም፤ አስታውሳለሁ የሚል ቢገኝ ዋሽቶ ነው። ደብሪቱ ባሏንም፣ ከአምስት ልጆቿ ሦስቱንም ቀብራ አንገቷን ያልደፋች ሴት ነበረች። የቀሩላት ሁለት ናቸው፤ ትልቋ ማንጠግቦሽ ወንዝ ማዶ ተድራለች፤ ትንሿ ገና ጡት መተዋ ነው። ይህችኛዋን «ትኑር» ያለቻት ራሷ ናት፤ ፈጣሪን በየቀኑ ከመነዝነዝ ልመናዋን በልጇ ስም አድርጋ አስቀመጠችው።

በዚያ ዓመት አደይ ሳይረግፍ ተስቦ ገባ። ሰዉ ቤቱን እየዘጋ ወደ ገደሉ ዋሻ ሲሸሽ፣ ጎረቤቷ አያ ደምለው ከደጇ ቆሞ ተጣራ።

«ደብሪቱ፣ ተነሺ እንጂ! ዋሻው ለሁላችን ይበቃል።»

«ሂድ፣ አያ ደምለው። እናንተ አርባ ሆናችሁ በአንድ ጉድጓድ ስትታጨቁ፣ በሽታው አንድ በአንድ ከመልቀም ያርፋል፤ በአቁማዳ ነው የሚያፍሳችሁ።»

«ምን ዓይነት አፍ ነው! ከተስቦው ይብሳል እኮ!»

«እንግዲያው እሱን ፈርቶ ይመለስልኛላ።»

አፏ እንዲህ ይበል እንጂ ሌሊቱን ዓይኗን አልከደነችም። በዚያ አገር በሽታ መንገደኛ ነው፣ በልቶ በጨረሰበት ቤት ተመልሶ አይገባም ይባል ነበር። ያለቀ ቤት ደግሞ ምልክቱ የታወቀ ነው፤ በደጁ ምሰሶ ላይ ቅል አፉን ተደፍቶ ይሰቀላል። ያን ያየ ሰው ሳይገባ፣ ሳያለቅስም ያልፋል፤ ለቅሶ በሽታን ይቀሰቅሳልና። ደብሪቱ ይህን ስታወጣ ስታወርድ አድራ፣ ሲነጋ ቤቷን በቁሙ ገደለችው።

ቅሉን ደፍታ ሰቀለች። ከገለባ ሰው ጠቅልላ፣ ለትልቁ የባሏን አሮጌ በርኖስ፣ ለሦስቱ ትንንሾች የሞቱትን ልጆቿን ቀሚስ አለበሰች። በመጨረሻ የራሷን ምስል ሠራች፤ ዱባውን ፊት አበጅታ፣ አገጩን እንደ ሬሳ በሻሽ አስራ፣ ጥጡን ማንጠግቦሽ የፈተለችላትን ኩታ ደረበችለት። «አሁን ና፣ የምትበላው ካገኘህ!» አለችው በሽታውን፤ ከዚያም ትኑርን ይዛ በሩን ዘጋች። እሳት አላነደደችም፤ ጥሬ እየቆረጠሙ ተቀመጡ።

አንድ ነገር ብቻ ትጠነቀቅ ነበር። በሽታ መግቢያ ሲያጣ በምታውቀው ሰው ድምፅ ይጣራል ይባላል፤ የሚጣራው ግን ሁለት ጊዜ ነው፤ ሦስተኛውን የሚጣራ ሰው ብቻ ነው።

በዘጠነኛው ቀን ማለዳ ጉም ከወንዙ ተነስቶ ደጁን ሸፍኖት ሳለ ኮቴ ተሰማ። መጣ፣ መጣና ከአጥሩ ውጭ ቆመ።

«እምዬ?»

የማንጠግቦሽ ድምፅ ነው። ትኑር ስትፈናጠር ደብሪቱ አፏን በመዳፏ ከደነችው። «ማዶ ያለች ልጅ በዚህ ጉም ምን ልትሠራ ትመጣለች? አወቅሁህ፣ አንተ ሌባ!» አለች በሆዷ።

«እምዬ...»

ሁለተኛው ከፊተኛው ቀጠነ። ደብሪቱ ሦስተኛውን ጠበቀች። እስትንፋሷን ይዛ ጠበቀች። ከሣር ክዳኑ የሚንጠባጠበው ጤዛ ብቻ ተሰማ። ከዚያ ኮቴው ቀስ እያለ ተመለሰ።

«አየሽ?» አለቻት ትኑርን፣ ላብ እያጠመቃት፤ «ሰው ቢሆን ሦስት ይል ነበር።»

ጉሙ ሲገፈፍ ወጥታ አየች። ከምስሏ እግር ሥር አንድ እስር የባቄላ እሸት ተቀምጧል። የታሰረበት ፈትል የማንጠግቦሽ ነው፤ የልጇን ፈትል እናት አትስተውም። ከምስሉ ትከሻ ተንሸራቶ የነበረው ኩታም ተመልሶ፣ ለሞተ ሰው እንደሚደረገው በወጉ ተደላድሏል።

ደብሪቱ ትኑርን አዝላ ሮጠች። ከወንዙ መሻገሪያ ከሾላው ሥር አያ ደምለው ብቻውን ቁጭ ብሏል፤ ውሃ ሊቀዳ ከዋሻው ወርዶ ነበር። ጋቢውን አውልቆ ከጎኑ የተኛችውን ሸፍኗታል። ደብሪቱን ሲያይ አፉ ተከፈተ።

«አ... አለሽ እንዴ?»

ጋቢውን ገለጥ አደረገችው።

«ሰውነቷ እሳት ነበር» አለ ደምለው። «ተስቦው ማዶ ቤቷን ጨርሶባት፣ ወደ እናቴ ብላ መጥታ ነው። ‹እናቴን ከደጇ ቆማ ሞታ አገኘኋት፤ እንዳላለቅስ አፌን ይዤ ተመለስኩ› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አልተናገረችም።»

ነገሩን የሚተርኩ ሰዎች እዚህ ላይ ለሁለት ይከፈላሉ። ገሚሱ፣ ማስፈራሪያው ሥራውን ሠርቷል፣ በሽታውን ከደጅ መልሶታል፤ በሽታው ግን የመጣው ልጅቷን እጇን ይዞ ነው ይላል። ገሚሱ ደግሞ፣ መሞቱንስ ማንጠግቦሽ መሞቷ አይቀርም ነበር፤ በእናቷ ጭን ላይ ግን ትሞት ነበር ይላል። ደብሪቱ ራሷ በየትኛው እንደምታምን የሰማ የለም። ያ ምላሷ ከዚያ ቀን በኋላ ደነዘ ይባላል።

ሰዉ ከዋሻው ሲመለስ አያ ደምለው ከደጇ መጣ።

«ላፍርሰው ይሆን?» አላት ወደ ማስፈራሪያው እያየ።

«ተወው። ትኑርን አትርፎልኛል» አለች። «እኔ ግን ከአጠገቡ እቀመጣለሁ።»

ቅሉን አፉን ወደ ሰማይ መልሳ ሰቀለችው፤ በርጩማዋንም አወጣች። ከዚያ ወዲህ በደጇ የሚያልፍ ሁሉ ገና ሳይጣራ «አለሁ!» ትለዋለች። ሰው ላሙን ሲጣራ እንኳ «አለሁ!» ትላለች። መጀመሪያ ሳቁባት፤ ኋላ ሳቁን ተዉት። ትኑር አድጋ የተዳረች ዕለት ከበቅሎዋ ሆና ዘወር አለችና፣ «እምዬ፣ ስመጣ አለሁ በይኝ» ብላ ሄደች። የመንደሩ ስም ከዚያ የቀረ ነው ይባላል።

ዛሬም በጥቅምት ማለቂያ ማስፈራሪያው ይቆማል፣ ቅሉም አፉን ወደ ሰማይ አድርጎ ይሰቀላል። የተዳሩ ሴቶች ልጆች እሸት ይዘው ይመጡና ከማስፈራሪያው ፊት ቆመው «እምዬ!» ይላሉ፤ አሮጊቷም በመጀመሪያው ጥሪ «አለሁ፤ ግቢ» ትላለች። ዝም ከተባለም ይጣራሉ፣ አሁንም ይጣራሉ፤ ጥሪን መቁጠር በዚያ መንደር ነውር ነው። እናቷ በዚያ ዓመት የሞተችባትም ሴት ብትሆን አትቀርም፤ እሸቷን ይዛ ከባዶው በርጩማ ፊት ቆማ ትጣራለች። ያኔ ከአጥሩ ወዲያ ከጎረቤት አንዷ አሮጊት «አለሁ፤ ግቢ» ትላታለች። ድምፁ የእናቷ እንዳልሆነ ታውቃለች። ቢሆንም ትገባለች።