ሳይጠሩ የሚኬድበት ቤት

አንድ ሰውዬ ነበር፤ አሰላ ከተማ የሚኖር፣ እጁ የተመሰከረለት አናጢ። ጎረቤቱ ደግሞ ከሰርቢያ መጥቶ እኛው አገር የቀረ ሳይንቲስት ነው። የስንዴን ዋግ ሲያጠና የኖረ፣ ስሙ በሬዲዮ የሚነሣ ትልቅ ሰው። ዶክተር ብራንኮ ይባላል።

ሁለቱን ቤት ምን አገናኛቸው? ምጥ! የአናጢው ሚስት አሰገደች በክረምት ምጥ ያዛት፤ መኪና ጠፋ። ዶክተሩ በላንድሮቨሩ በዚያ ጭቃ ሆስፒታል አደረሳት። ሴት ልጅ ተወለደች። "ስሟን አንተ አውጣላት" አሉት። የእናቱን ስም ሰጣት፤ ሚሊትሳ።

ክረምቱ አልፎ ታኅሣሥ ሲገባ ዶክተሩ መጣና "ነገ የቤታችን ቅዱስ፣ የኒቆላዎስ ቀን ነው፤ ኑልኝ" አላቸው። እኛ ዝክር እንደምንለው ዓይነት ነው። ሄዱ። ሻማው በርቷል፣ ዳቦው ተቆርሷል፣ የተቀቀለ ስንዴ በስኳር ቀርቧል። ሕፃኗን አቅፎ "ይህ ቤት ቤታችሁ ነው" አላቸው።

ዓመት ዞሮ ታኅሣሥ መጣ። ሰውዬው ሸሚዙን አስተኩሶ ጠበቀ። የጠራው የለም። በአጥሩ ቢያይ የዶክተሩ አገር ሰዎች እየተከታተሉ ይገባሉ።

"እነሱን ጠርቶ እኛን ተወን!" አለ።

"ረስቶን ይሆናል፤ ግድ የለህም እንሂድ" አለች አሰገደች።

"ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት! ምን ሊሉን ነው? እሱ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ አናጢ ምን ያደርግለታል?"

ቀሩ። በሚቀጥለውም ዓመት ቀሩ። ከዚያማ መቅረት ልማድ ሆነ። መንገድ ላይ ሲገናኙ ራስ መነቅነቅ ብቻ። ዶክተሩም፣ አፍሮ ይሁን አዝኖ፣ "ምነው ጠፋችሁ?" አላለም። እሱም ጥፋት አለበት፤ አልሸሽግላችሁም።

ግን ጉዱን ስሙ! ይኸው ሰውዬ እንግዳ ሲመጣበት "ዶክተር ብራንኮ እኮ የኛ ሰው ነው! የልጄን ስም ያወጣላት እሱ ነው!" ይላል። በስሙ ይኮራል፤ ደጁን አይረግጥም። አይገርማችሁም?

ዶክተሩ ሞተ። የእህቱ ልጅ ከቤልግሬድ ለቀብሩ መጣች። ሚሊትሳ አድጋለች፣ እንግሊዝኛም ትችላለች፤ ልታጽናናት ቀርባ ስሟን ብትነግራት፣ ሴትዮዋ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

"በየዓመቱ በዚያ ቀን ስንደውልለት 'የሚሊትሳን ቤተሰቦች እየጠበቅኩ ነው፤ ወንበራቸውን አውጥቻለሁ' ይለን ነበር። ምነው ቀራችሁ? ምን አስቀየማችሁ?"

ሚሊትሳ ለአባቷ ተረጎመችለት።

"እሱ መቼ ጠራን?" አለ አባትየው።

"በኛ አገር ለዚያ ቀን የሚጠራው አንዴ ብቻ ነው" አለች ሴትዮዋ። "ከዚያ ወዲያ ወዳጅ ሳይጠሩት ይመጣል፤ ባለቤቱ ማዕዱን ዘርግቶ ይጠብቃል። ደግሞ መጥራትማ 'አንተ ባዳ ነህ' ማለት ነው።"

ሚሊትሳ ይህንንም ተረጎመችለት። ሰውዬው ድንኳኑ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። "ናቀኝ ስል፣ ለካ ዘመዱ አድርጎኝ ኖሯል!" አለ። ለማን ይበለው? የሚሰማው ሰው አፈር ገብቷል።

ወገኖቼ፣ እናንተስ የማንን ደጅ ከረገጣችሁ ቆያችሁ? "እህቴ አልደወለችልኝም" ትላላችሁ። እሷም ስልኳን ይዛ የእናንተን እየጠበቀች ቢሆንስ? "ወንድሜ ንቆኛል" ትላላችሁ። ጠይቃችሁታል? ወይስ ፈርዳችሁ ጨረሳችሁ?

ጌታስ? አንዴ ጠራን፤ በጥምቀታችን ቀን ልጆቼ አለን። ማዕዱ እንደተዘረጋ ነው። እኛ ግን ውጭ ቆመን "እግዚአብሔር ረሳኝ" እንላለን። ስሙን አንገታችን ላይ አስረን እንኮራበታለን፤ ከቤቱ ግን ቀርተናል።

ያ አናጢ አንዲት ታኅሣሥ ትመለስልኝ ቢል ማን ይመልስለታል? እናንተ ግን ዛሬ ከዚህ ስትወጡ በቀጥታ ሂዱ። ቂማችሁን እንደያዛችሁም ቢሆን ሂዱና አንኳኩ። እናንተ ያኮረፋችሁት ሰው ገና በሕይወት አለ።