በረመዳን የተከፈተው ጉድጓድ

በአላህ ስም እየጀመርኩ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የእጅ ጽሑፌ ጠማማ ነው፤ ፊደልም እሳሳታለሁ። ስምንተኛ ክፍልን የጨረስኩት እንደምንም ነው። ኡስታዛችን ለሴቶች ጀማዓ መጽሔት የደጋግ ሰዎችን ታሪክ አምጡ ስትለን፣ ቆሞ መናገሩ ስለሚያሳፍረኝ መጻፉን መረጥኩ። ያጠፋሁትን እያረማችሁ አንብቡልኝ።

ድሮ፣ ስሟ በማይነሳ አንዲት አሮጌ ከተማ ውስጥ ሀጂ ሱሩር የሚባሉ የእህል ነጋዴ ነበሩ። እህል ሲሸጡ ገዢዋ ከተጠራጠረች ቁናውን ያቀብሏትና «ስፈሪው አንቺው» ይሏት ነበር። እሷም አፍራ አጉድላ ትሰፍራለች፤ እሳቸው ደግሞ ይሞሉላታል። የመጀመሪያ ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ሩቅያን አገቡ። ሩቅያ ያኔ ሠላሳ ዓመት አልሞላትም። እጇ ለእንግዳ ፈጣን፣ አንደበቷ ግን ቁጥብ ነበረች።

በዚያች ከተማ ሦስት ነጋዴዎች ለበጎ ሥራ ትተውት የሞቱት የሱቆች ወቅፍ ነበር። ከሱቆቹ የሚገኘው ኪራይ፣ ለሕዝብ የሚጠቅም አዲስ መላ ለመሞከር ለሚፈልግ አነስተኛ ነጋዴና የእጅ ባለሙያ ይሰጣል። ግማሹ ሙከራው ሲጀመር፣ ግማሹ ሲያበቃ ነው። ሕጉ አጭር ነበር። የተቀበልከውን ለተቀበልክበት ነገር ብቻ አውለው። ለአንድ ሙከራ ከሁለት እጅ አትውሰድ። በሙከራው የሆነውን ሁሉ፣ የሚያምረውንም የማያምረውንም ተናገር።

ነቀዝ የሀጂ ሱሩርን እህል ሁለት ዓመት ተከታትሎ በላው። ሱቃቸው ሊዘጋ ጥቂት ነበር የቀረው። እሳቸውም ወደ ወቅፉ ጠባቂ ወደ ሸህ ሙኽታር ሄደው፣ ደርቆ የተወቀጠ ግራዋ ከአመድ ጋር የጉድጓድ ግድግዳ ላይ ቢለቀለቅ ነቀዝን ይከላከል እንደሆነ ልሞክር አሉ። ተፈቀደላቸው። ሙከራው ከተሳካ በገበያው መሐል ድብልቁን የሚሸጡበት መደብ ሊሰጣቸው ቃል ተገባ።

በግቢያቸው ሁለት ጉድጓድ ጎን ለጎን ተቆፈረ። ሁለቱም እንደ ልማዱ በጭቃና በእበት ተለሰኑ። በአንደኛው ላይ ግን ግራዋው ተጨመረ። ከአንድ አውድማ የመጣ ማሽላ እኩል ተከፍሎ ገባባቸውና አፋቸው በድንጋይና በጭቃ ተዘጋ።

«ከረመዳን ቀጥሎ እስካለው እስከ ሸዋል ወር መጨረሻ አይከፈቱ» አሉ ሸህ ሙኽታር። «ግድ ሆኖ ከተከፈቱም ይነገረኝ። ጥፋቱ መክፈቱ አይደለም፤ መደበቁ ነው።»

ሩቅያ ከበሩ ጀርባ ሆና ይህን ሰምታለች።

ረመዳን ገባ። ሀጂ እህል ሊገዙ ለአራት ቀን ወደ ቆላ ወረዱ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ድርቅ ያፈናቀላቸው ሰባት መንገደኞች ደጃፏ ላይ ተቀመጡ። አንዲት አሮጊትና ሁለት ሕጻናት አሉባቸው። እነሱም ጾመኞች ናቸው። ሩቅያ የዱቄቱን ማሰሮ ብታይ ባዶ ነው። ጎረቤት ልትበደር ብትወጣ ሁሉም ከእጅ ወደ አፍ ነው፤ ገበያም የሚቆመው በማግስቱ ነው። ጾመኛን ከደጅ መመለስ ደግሞ በዚያ ቤት ተደርጎ አያውቅም።

ያን ጊዜ ዓይኗ ጉድጓዶቹ ላይ አረፈ። ግራዋ ያለበትን አልነካችም። «ሙከራው ያኛው ነው፤ ይሄኛው ተራ እህል ነው» አለች በልቧ። ተራውን ከፈተችው። ጉድጓድ ተከፍቶ ወዲያው አይገባበትም፤ ታፍኖ የቆየው አየር ሰው ይገድላል። ስለዚህ እንደ ልማዱ አየሩ እስኪወጣ አፉን ክፍት ትታው ወደ ጓዳ ገባች። ከቀትሩ የዙህር ሰላት በኋላ ያልታሰበ ዝናብ ወረደ። ሮጣ በቁርበት ሸፈነችው፤ ግን ውሃ ገብቶበት ነበር። ሁለት ቁና ማሽላ አወጣች፣ ፈጨች፣ ጋገረች። መንገደኞቹ መግሪብ ላይ አፍጥረው፣ ዱዓ አድርገውላት ሄዱ። በማግስቱ ከገበያ ሁለት ቁና ማሽላ ገዝታ ያጎደለችውን ሞላችና ጉድጓዱን መልሳ መረገችው።

ሀጂ ሲመለሱ ልትነግራቸው ነበር። ደክመው መጡ፤ ነገ አለች። ነገም ሌላ ነገን ወለደ።

አዲሱ ጭቃ ሲደርቅ ከድሮው ነጣ። ሩቅያ ገለባ በተነችበት። ዶሮ ገለባውን ስትጭር ካየች ሥራዋን ጥላ ትሮጣለች። ኢድ መጣ፤ አዲስ ልብስ ለበሰች፤ ደስታው ግን ልቧ አልገባም። ከተማው ደግሞ ከወዲሁ በተስፋ ተሞልቷል። ምንጭ ስትወርድ ሴቶቹ ይቀልዱባታል።

«አንቺ ሩቅያ፣ ሀጂ ነቀዝን በሦስት ሊፈቷት ነው አሉ! እውነት ነው?»

«ከፍቺ በኋላ የዒዳ ወራቷን የት ልትቀመጥ ነው ታዲያ? እኛ ቤት እንዳትመጣ!»

ይስቃሉ። እሷም ትስቃለች።

ጉድጓዶቹ ሊከፈቱ አንድ ቀን ሲቀር፣ ሐሙስ ዕለት፣ ዘምዘም የምትባል፣ አባት የሌላቸው ስድስት የቲሞች የምታሳድግ ጎረቤቷ ምንጩ ላይ አገኘቻት። ጀርባዋ ላይ የግራዋ ቅጠል ተሸክማለች።

«ቀደምኳችሁ!» አለች እየሳቀች። «ዘንድሮ ጉድጓዴን የሚለስን ሰው አልቀጥርም። ግራዋ ካለ ምን አደከመኝ? የዓመት ማሽላዬን እንዳለ በሱ አስገባዋለሁ። የሀጂ ሱሩር ሙከራ ለኔ ከምስክር በላይ ነው።»

ሩቅያ እንስራዋን ሳትሞላ ተመለሰች።

ሀጂ ለዐስር ሰላት ውዱእ እያደረጉ ነበር።

«ሀጂ።»

«ወይ ሩቅያ።»

«የደበቅሁብዎ ነገር አለ።»

ሁሉንም ነገረቻቸው። መንገደኞቹን፣ ዝናቡን፣ ከገበያ የሞላችውን ሁለት ቁና፣ ገለባውን። ሀጂ አላቋረጧትም። ግራ እግራቸውን ሲያጥቡ ከደንቡ ሦስት ጊዜ አልፈው አራተኛ ደገሙት፤ ይህን ያስተዋለችው እሷ ብቻ ናት።

«ስንት ሰዓት ክፍት ቆየ?»

«ከረፋድ እስከ ዐስር ሰላት። ከዚያ እስክመርገው በቁርበት ተሸፍኖ አደረ።»

«መንገደኞቹ ጠገቡ?»

«ጠገቡ።»

«አልሐምዱሊላህ። የሱን ምንዳ አላህ ይጻፍልሽ።» የውዱኡን ማሰሮ አስቀመጡ። «ጉድጓዱ ግን ሌላ ነገር ነው። ተራው እኮ ነው ሚዛኑ። ግራዋው መሥራቱ የሚታወቀው በተራው ነው። እሱን ውሃ ካስገባንበት ያኛው ሁልጊዜ ያማረ ይመስላል።»

ሩቅያ ያን ጊዜ ነው የሠራችው የገባት። በሩ አጠገብ ካለው የጭቃ መደብ ላይ ተቀመጠች።

በዚህ መሐል ወንድሟ ኢድሪስ ገባ። የሁለቱን ፊት አይቶ ጠየቀ፤ ነገሩን ሲሰማ እጁን አጨበጨበ።

«ሀጂ፣ አላህ ያሳይዎት፣ ይህን ሊናገሩ ነው? ሰርቃ ነው እንዴ? ሰደቃ ነው የሰጠችው!»

«አልሰረቀችም።»

«ግራዋው አይሠራም?»

«አላውቅም።»

«ስምንት ወር ሙሉ ሞክረው እንዴት አያውቁም?»

«ነገሩ ይኸው ነው ኢድሪስ። አላውቅም። የወቅፉን ገንዘብ የተቀበልኩት ደግሞ ለማወቅ ነበር።»

ኢድሪስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሺ፣ መደቡ ይቅር፣ ገንዘቡም ይቅር። የገዛ ሚስትዎን ነውር አደባባይ ያወጣሉ? የሙስሊምን ነውር መሸፈን ምንዳ የለውም? እርስዎ ነዎት ያስተማሩን።»

ይህ ቃል ሀጂን ያዛቸው። ኢድሪስን አዩ፣ ሩቅያን አዩ፤ ተነሥተው ወደ መስጂድ ሄዱ። ሲመለሱም ስለ ነገሩ አልተናገሩም። ምግብ ቀርቦላቸው ሁለት ጊዜ ጎርሰው ተዉት። ሩቅያ ነገ ምን እንደሚሉ አላወቀችም።

ከጁምዓ ሰላት በኋላ ግቢው በሰው ተሞላ። ሴቶቹ ከአጥሩ ወዲያ ቆሙ፤ ሩቅያም ከነሱ ጋር። ጉድጓዶቹ ተከፍተው አየራቸው እስኪወጣ ተጠበቀ። ከዚያ ግራዋ ካለበት አንድ ቁና ወጥቶ ቁርበት ላይ ፈሰሰ። ማሽላው እንደገባ ነው። ከተራው ጉድጓድ ሲወጣ ግን ሽታው ቀደመ። እህሉ ሞቋል፣ ሻግቷል፤ ነቀዙ ከቁርበቱ አልፎ ወደ ሰው እግር ይሳባል።

«አላሁ አክበር!» አለ ሕዝቡ። አንዱ ሀጂን ሊያቅፍ ተንደረደረ። ዘምዘም የሩቅያን ክንድ ጭምቅ አደረገች። «አላልኩሽም? አላልኩሽም?»

ሸህ ሙኽታር እጃቸውን አነሱ። ከወቅፉ የወሰደ ሁሉ የሚጠየቃት አንዲት ጥያቄ ነበረች።

«ሀጂ ሱሩር፣ ያልነገርከን ነገር አለ?»

ሀጂ ወደ አጥሩ አላዩም።

«አለ» አሉ። «ተራው ጉድጓድ በረመዳን ተከፍቷል። ከረፋድ እስከ ዐስር ሰላት ክፍት ውሏል፤ በቁርበት ብቻ ተሸፍኖም አድሯል። ዝናብ ገብቶበታል። ሁለት ቁና የገበያ እህልም ተጨምሮበታል። ይህ ነቀዝ ከዚያ ይምጣ፣ ከየት ይምጣ አላውቅም። ስለዚህ በዚህ ሙከራ ማንም እህሉን እንዳያስቀምጥ።»

ከኋላ አንድ ሰው «ማን ነው የከፈተው?» አለ።

«ቤቱ የኔ ነው። የተሰጠኝ አማናም፣ አደራው፣ በኔ እጅ ነበር። ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ።»

«ሀጂ፣ ነቀዙ ከጓዳ ነው እንዴ የመጣው?» አለ ሌላው፤ ጥቂቶች ሳቁ።

ሩቅያ ሳቁን ሰማች። ሽማግሌው ባሏ አንገታቸውን ደፍተው በሷ ፋንታ ሲሳቅባቸው አየች።

«እኔ ነኝ የከፈትኩት» አለች ከአጥሩ ወዲያ። «ሀጂ የሰሙት ትናንት ነው።»

ዘምዘም ክንዷን ለቀቀቻት። ከዚያ ጥቂት ቆይታ መልሳ ያዘቻት።

ሸህ ሙኽታር «ሰደቃሽን አላህ ይቀበልሽ» አሉ። «ሕጉ ግን ሕግ ነው። በዚያው ሳምንት ብትነግሪኝ ኖሮ ጉድጓዱን እንደገና እናስጀምር ነበር። ሙከራው አልተቆጠረም። ቀሪው ግማሽ አይሰጥም፤ መደቡም ይቆያል።»

«ሰምቻለሁ፤ ተቀብያለሁ» አሉ ሀጂ።

ያን ዓመት ሱቃቸው ተዘጋ፤ በሰው ደጅ እህል እየሰፈሩ ኖሩ። ከዕለት እንጀራቸው ቀንሰው፣ በሁለት ትንንሽ ጉድጓዶች ሙከራውን እንደገና ጀመሩት። በስምንተኛው ወር ሲከፈቱ፣ ግራዋው ነቀዙን ቀንሶታል እንጂ አላጠፋውም። በደንብ ባልተለሰነ ጉድጓድ ቢሆን ኖሮ የዘምዘም ልጆች እህል በሙሉ ያልቅ ነበር። ሀጂም ያንኑ፣ እንደሆነው፣ ለሸህ ሙኽታር ተናገሩ።

ኢድሪስ አንድ ቀን ጠየቃቸው። «ሀጂ፣ ማንም አያውቅም ነበር እኮ። ለምን ተናገሩ?»

ሀጂ ሱሩር እንዲህ አሉ፦ «ጉድጓዱ የኔ ነው፤ ሰው እህሉን የሚያኖረው ግን በቃሌ ውስጥ ነው።»

ይህን ታሪክ ስሰማ መጀመሪያ የገባኝ ስለ ገንዘብ ነበር። የወቅፍን ገንዘብ ያለ ሐቅ መብላት ሐራም ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። በኋላ ሳስበው ግን ሀጂ የፈሩት ሌላም ነገር ነው። ለመሞከር ገንዘብ የተሰጠው ሰው የሚመልሰው ወሬ ነው። ያ ወሬ ውሸት ከሆነ፣ አምኖት የሚሄደው ሰው ልጆቹን ይዞ ነው የሚገባበት። ሩቅያም ሌባ አልነበረችም። ፈርታ አንድ ቀን አሳደረችው፤ ፍርሃቱ ግን ስምንት ሳምንት አብሯት አደረ። የሰውን ነውር መሸፈን ምንዳ አለው። ነገር ግን ሌላ ሰው የሚወድቅበትን ጉድጓድ በገለባ መሸፈን አይደለም።

እኔም ይህን ታሪክ የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አምና ለሰፈራችን የሴት ልጆች ማኅበር፣ አዲስ የጫጩት መኖ እንድንሞክር ገንዘብ ተሰጥቶን ነበር። ግማሾቹን ጫጩቶች በአዲሱ፣ ግማሾቹን በድሮው እየመገብን በየሰኞው እንድንመዝን ታዘዝን። የመመዘኑ ሥራ የኔ ነበር። ሚዛኑ ያለው ሱቅ ውስጥ ነው፤ በረንዳው ላይ ሁልጊዜ ወንዶች ይቀመጣሉ። ጫጩት በቅርጫት ይዤ በመሐላቸው ለማለፍ አፍር ነበር። ሙከራው አምሮ ወጣ ተባለ፤ አጨበጨቡልን። እናቶች ያንን አይተው መኖውን እየገዙ ነው። የጎረቤታችን ዶሮዎች ግን አልወፈሩም፤ እሷም «እኔ ነኝ አያያዙን የማላውቅበት» ትላለች።

ለእናቴም፣ ለኡስታዛችንም፣ ለማንም ያልነገርኩት ይህ ነው፤ ሦስት ሰኞ ጫጩቶቹን አልመዘንኳቸውም። ቁጥሩን ቤት ቁጭ ብዬ ከራሴ ነው የጻፍኩት።