ሁለት ቁልፍ የያዘው ሙሽራ

ሰው ሁሉን ልያዝ ብሎ ሲዋልል ባየን ቁጥር የምንወረውራት አንዲት ተረት አለች። ሌላው ሰፈር ከየት እንዳመጣት አላውቅም። የእኛ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ግን የልብስ ሰፊውን የጥላዬን ነገር ሳያነሣ አይተርታትም።

ጥላዬ ሊያገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ባለ አንድ መኝታ ቤት ፍለጋ ወጣ። የሚኖርባትን የላጤ ክፍል ባለቤቱ ለዘመዱ ስለፈለጋት እስከ ሠርጉ ዋዜማ እንዲለቅ ነግሮታል። እጮኛው ውብአንቺ ደግሞ «ሌላውን ሁሉ እችላለሁ፤ ብቻ ከሠርጋችን ማግስት ሰው ቤት እንዳታስጠጋኝ» ብላዋለች።

ቀናውና በአንድ ቀን ሁለት ቤት አገኘ። የእትዬ አስካለ ቤት ምድር ላይ ነው። ውሃ አይጠፋበትም፤ መስኮቱ ግን ከፊት ለፊቱ ብሎክ ግድግዳ ጋር ስለተፋጠጠ በቀትርም መብራት ያስፈልገዋል። የእትዬ ይመኙሻል አራተኛ ፎቅ ነው። ፀሐይ ይገባበታል፣ ነፋሱ አንጀት ያርሳል፤ ውሃው ግን እዚያ ድረስ የሚወጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አንዱን ይዞ ያርፍ ነበር። ጥላዬ ግን ምሳ ቤት ገብቶ ምግብ ሲያዝ እንኳ ሐሳቡን ለመለወጥ አስተናጋጁን ሦስት ጊዜ የሚጠራ ሰው ነው።

ለእትዬ አስካለ «ቤቱ የኔ ነው፤ ለማንም እንዳይሰጡብኝ» ብሎ ቁልፍ ተቀበለ። ከዚያ ብሎኩን ዞሮ፣ አራት ፎቅ ወጥቶ፣ ለእትዬ ይመኙሻልም ያንኑ ቃል ሰጠና ሁለተኛውን ቁልፍ ኪሱ ከተተ። ክፋት አልነበረውም። እስከ ሠርጉ ይለይልኛል እያለ ራሱን ያታልል ነበር እንጂ። ስፌቱ ላይ ተቀምጦ አንዴ ውሃው፣ አንዴ ፀሐዩ ያሳሳዋል። ውብአንቺ «ቤት አገኘህ?» ስትለው «ሞልቶ!» ይላታል።

ሴቶቹ ቃሉን አመኑ። እትዬ አስካለ ደጃቸው ድረስ የመጣችን ነርስ «ተይዟል» ብለው መለሱ። እትዬ ይመኙሻል ግድግዳውን ቀለም አስቀቡ። በሰፈሩ ደንብ አዲስ ተከራይን እድር የሚያስገባው አከራዩ ነውና፣ ሁለቱም ሳይነጋገሩ ስሙን ለጸሐፊው ሰጡ። ሁለቱም «እሑድ እድሩ ስብሰባ መጥተህ ከሰዉ ተዋወቅ» አሉት። ጥላዬ ቢቀር ሁለቱን ሊያስቀይም ሆነ። ጨንቆት ሄደና ኋላ አግዳሚ ላይ ተሸጎጠ።

ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ የአዲስ ገቢዎችን ስም ማንበብ ጀመረ።

«ጥላዬ ወንድይራድ፣ ብሎክ ሰባት፣ በወይዘሮ አስካለ አቅራቢነት።»

ጥላዬ ገና ከመቀመጫው ብድግ ሲል ጸሐፊው ቀጠለ።

«ጥላዬ ወንድይራድ፣ ብሎክ ዘጠኝ፣ በወይዘሮ ይመኙሻል አቅራቢነት።» መነጽሩን አስተካከለ። «ሞክሼ ናቸው? በአባት ስምም?»

ጥላዬ መልሶ ተቀመጠ። እትዬ ይመኙሻል ዞር ብለው አዩትና «ይኸው የኔው ልጅ! ተነሥ እንጂ፣ ምን ያሳፍርሃል?» አሉ።

«የማንን ተከራይ ነው የኔ የምትዪው?» አሉ እትዬ አስካለ።

ጥላዬ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። መዋሸት እንደማያዋጣ ገባውና ሁለቱንም ቁልፎች አውጥቶ እውነቱን ተናገረ።

«እትዬ አስካለ፣ በቃ የእርስዎ ይሁንልኝ» አለ።

«ዛሬ ነው የታየህ? ያቺን የመሰለች ነርስ የመለስኩልህ ለመጠባበቂያ ልትይዘኝ ነው? ቁልፌን!»

ወደ እትዬ ይመኙሻል ዞረ።

«አስካለ ያባረረችውን እኔ አላስጠጋም» አሉና እሳቸውም እጃቸውን ዘረጉ።

ለሠርጉ የቀረው ስድስት ቀን ነው። ውብአንቺ ትዝ ስትለው እንባው መጣ። የእድሩ ዳኛ የጋሽ ዳምጤ ጉልበት ላይ ሊወድቅ ጎንበስ አለ።

«ሙሽራዬን የት ላስገባት ነው? ያማልዱኝ፣ ጋሼ!»

ጋሽ ዳምጤ ትከሻውን ይዘው ቀና አደረጉትና ሴቶቹን አዩ። ሁለቱም ፊታቸውን አዞሩ።

«ከማንኛዋ ጋር ላማልድህ? ወዳንዷ ብሄድ ሌላዋ ታኮርፈኛለች። በል ዛሬውኑ ሌላ ቤት ፈልግ፤ ስትፈልግ ግን ይህን አትርሳ፣ ልጄ፤ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም።»