ዝናብን የሚያውቀው ጉልበት

አንድ ጉልበት ነበር። ተሳስቼ እንዳይመስላችሁ፤ ጉልበት ነው ያልኩት። ባለቤቱ አያ ደምለው ይባላል፤ ከደጋ ወርዳ ቆላ ሳትደርስ በቀረችው በዚያች መንደር ግን ስሙ የገነነው ጉልበቱ ነበር።

አያ ደምለው በጎልማሳነቱ ከበቅሎ ወድቆ ቀኝ ጉልበቱ ወለቀ። እንደ ነገሩ ተመለሰለት እንጂ በወጉ አልገጠመም። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ሊመጣ ሲል ጉልበቱ ይጠዘጥዘው ጀመር። "ዛሬስ ጉልበቴ አላስቀምጥ አለኝ" ያለ ቀን፣ ጀምበር ሳትጠልቅ ይዘንባል። ደህና ነኝ ያለ ቀን ጠብ አትልም። ሰው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተገረመ፣ ኋላ ላይ አምኖ ቁጭ አለ።

ከዚያ በፊት በመንደሯ ሁሉም የየራሱ ዘዴ ነበረው። ፈንታሁን የሚባለው ገበሬ በአፍንጫው የሚስበው ሱረት መዳፉ ላይ ሲጣበቅ "ዝናብ መጣ" ይል ነበር። ጎረቤቱ አህያዋ ከበረት አልወጣም ስትል በሬ አይጠምድም። የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ መቺ ደግሞ ከበሮው "ድም" ማለቱን ትቶ "ዱፍ" ሲል ጥላውን ይፈልጋል። ጉልበቱ ስም ካወጣ በኋላ ግን ይኼ ሁሉ መሳቂያ ሆነ። "የአያ ደምለው ጉልበት እያለ አህያ ይጠየቃል እንዴ?" ተባለ። ቀስ በቀስ ሱረቱንም አህያዋንም ከበሮውንም የሚያስተውል ጠፋ። ቀና ብሎ ሰማይ ማየት እንኳ ቀረ፤ ምን ይሠራል?

ሰላምታው ሳይቀር ተለወጠ። ጠዋት ጠዋት ሰው ከአያ ደምለው ደጅ ቆሞ "ጉልበትዎ እንዴት አደረ?" ይላል። "እርስዎስ እንዴት አደሩ?" የሚለው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም ካስታወሱት። ሰርግ ሲጠራ ለእሱ አንድ በርጩማ፣ ለጉልበቱ ሌላ በርጩማ ይቀርባል። ምክር የጠየቀ ሰው ጉልበቱ የሚታሽበት ቅቤ ይዞ ይመጣል። አያ ደምለው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ክብር ማን ይጠላል? እሱም ሲናገር ድምፁን ጎርነን፣ አንገቱን ሰበር ማድረግ ለመደ።

አንድ ዓመት ታኅሣሥ ላይ ከሩቅ አገር የመጣ ወጌሻ መሽቶበት ቤቱ አደረ። ሲያነክስ አየውና "አባቴ፣ ያሳደሩኝን በምን ልክፈል፤ እስቲ ያቺን እግር ይዘርጓት" አለው። አያ ደምለው ዘረጋ። ወጌሻው በቅቤ አሸት አሸት አደረገና ሳይታሰብ ሳብ ሲያደርገው "ቀጭ!" አለ። አያ ደምለው ጣራው እስኪነቃነቅ ጮኸ። ጠዋት ወጌሻው መርቆ መንገዱን ቀጠለ፤ አያ ደምለውም ተነስቶ ቆመ። ሕመም የለም። አንድ እርምጃ ሄደ፤ ምንም የለም። ቁጢጥ ብሎ ተነሳ፤ ምንም!

ደስ ብሎት ሊያፏጭ አፉን አሹሎ ሳለ ከደጅ "ጉልበትዎ እንዴት አደረ?" የሚል ድምፅ ሰማ። ፉጨቱ አፉ ላይ ቀረ።

ጉልበቱ ከዳነ ዝናቡን በምን ያውቃል? ዝናቡን ካላወቀ ደጁ ላይ ማን ይቆማል? ሁለተኛው በርጩማስ? ዱላውን ከግድግዳው አነሳና እያነከሰ ወጣ። "ደህና ነው፤ ዛሬ አይዘንብም" አለ። አልዘነበም። በማግስቱም እንዲሁ አለ፤ አልዘነበም። በበጋ ወር አይዘንብም ማለት ምን ይከብዳል? አንድ ወር ሙሉ በዚሁ ቀጠለ፤ አንድም ቀን አልተሳሳተም። እንዲያውም ጉልበቱ በታመመበት ዘመን ተናግሮ የማያውቀውን ያህል ደፍሮ ይናገር ጀመር።

ሚስቱ እማማ ይመኙሻል አካሄዱን ታስተውል ነበር። አንድ ቀን ከውጭ ሲገባ "አንተ ሰውዬ" አለችው።

"ምነው?"

"የታመመው ቀኝህ ነበር እኮ። ዛሬ በግራህ ነው ስታነክስ የዋልከው።"

አያ ደምለው ደንግጦ እግሩን ቀየረ። ይመኙሻል እስኪደክማት ሳቀች። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል አሉ። አንተ ግን በልተሃል፤ ተው አሁን ንገራቸው" አለችው። "ነገ እነግራቸዋለሁ" አለ። ነገ የሚባለው ቀን ደግሞ ሁሌም አንድ ቀን ይርቃል።

ጥር ገባ፤ የውቂያ ሰሞን ሆነ። ይኼን ሥራ ለማያውቅ ልንገር። ታጭዶ የተከመረ ጤፍ ዝናብ ቢመታው ብዙም አይጎዳም፤ ክምሩ እንደ ጎጆ ክዳን ውሃውን ያወርደዋል። ክምሩ ፈርሶ አውድማ ላይ ከተበተነ በኋላ የዘነበበት ጤፍ ግን አለቀለት፤ ፍሬው ከጭቃው ይለወሳል፣ ጎተራ ቢገባም ይሻግታል። ስለዚህ ትልቁ ጥያቄ "ክምሬን ዛሬ ላፍርስ ወይስ ልቆይ?" የሚለው ነው። ይኼ ጥያቄ በዚያች መንደር የሚመለሰው በጉልበት ነበር።

አንጓች የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ሦስት ልጆች አሏት። የዓመት ቀለቧ ያ አንድ ክምሯ ነው፤ ሌላ ጓሮ የላት፣ ላም የላት። ደቦው ተዟዙሮ ተራዋ ሲደርስ በዋዜማው አያ ደምለው ዘንድ መጣች። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለች ቅቤ ከነጠላዋ ሥር አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠችው።

"አንቺ ላም የለሽ፣ ይኼን ከየት አመጣሽው?" አለ።

"ከጎረቤት ነው። ባዶ እጄን ጉልበትዎን ብጠይቅ ነውር መስሎኝ። አያ ደምለው፣ ያለችኝ ያቺው ክምር ናት። ነገ ላፍርሳት?"

አያ ደምለው ዓይኑን ከቅቤዋ ላይ ማንሳት አቃተው። እውነቱን ለመናገር አፉን ከፈተ። ነገር ግን በሩ ላይ ሌሎች ሦስት ሰዎች ቆመው ነበር፤ ሁሉም ጉልበቱን ያያሉ።

"አፍርሺ" አለ ድምፁን ጎርነን አድርጎ። "ነገ ጠብ አትልም።"

በማግስቱ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ደቦው ወጣ፤ ክምሩ ፈረሰ፤ ጤፉ አውድማው ላይ ተበተነ፤ በሬዎቹ መዞር ጀመሩ። ቤት ውስጥ ይመኙሻል ወጡ ላይ ልትጨምር የጨው ቅሏን አነሳችና ቆም አለች።

"ጨዉ አልቅሷል" አለች።

"ምን አለቀሰ?"

"ጨዉ። ይኸው ውሃ አውጥቷል፤ እርስ በርሱ ተጣብቋል። እንዲህ ሲሆን ከቀትር አያልፍም፤ ይዘንባል።"

"አሁን ይኼን ከየት አመጣሽው?"

"ከየት አመጣዋለሁ? ሃያ ዓመት ሙሉ ጉልበትህ ከመናገሩ በፊት ጨው ይነግረኝ ነበር። ማን ጠየቀኝና?" ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። "ደምለው፣ የአንጓች ክምር ፈርሷል እኮ!"

አያ ደምለው መደቡ ላይ ያለችውን ቅቤ አየ። ቅጠሏ እንኳ አልተፈታም። "ይዘንባል ብዬ ባይዘንብ መሳቂያ እሆናለሁ" ብሎ አሰበ፤ ወዲያው ደግሞ "ዝም ብዬ ቢዘንብስ ልጆቿ ምን ይበላሉ?" አለ። ከዚያ በኋላ አላሰበም። ዱላውን ጥሎ ወጣ፤ አጥሩን ዘለለ፤ ቁልቁለቱን እንደ ጎረምሳ ፈረጠጠ።

አውድማው ላይ መጀመሪያ ያየው ፈንታሁን ነበር። "ወይ ጉድ! ያ የሚሮጠው አያ ደምለው አይደለም እንዴ?"

በሬ የሚነዳው ቆመ፤ መንሽ የያዘው ቆመ። ሃያ ዓመት ያነከሰ ሰው ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለለ ሲመጣ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ደርሶ እያለከለከ "መልሱት! ክምሩን መልሱት!" አለ።

"ጉልበትዎ አይዘንብም ብሎ የለም እንዴ?" አለ ፈንታሁን።

"ጉልበቴ ምንም አላለም። ከዳነ ወር አልፎታል፤ ይኸው እያያችሁት ነው! ወር ሙሉ ዋሽቻችኋለሁ። ክብሬን ወድጄ ነው።"

አንዱ ሳቀ፤ ሌላው ተሳደበ። ከበሮ መቺው "ኧረ በሕግ አምላክ! እንግዲህ ማንን እንመን?" ብሎ ራሱን ያዘ። አንጓች ግን አልሳቀችም፤ አልተሳደበችም። ልጇን በአንድ እጇ እንደያዘች ቀረበችው።

"አያ ደምለው፣ እሱ ይቆየን። ዛሬ ይዘንባል ወይስ አይዘንብም?"

"አላውቅም" አለ። ከዚያ አፍ ይኼ ቃል ሲወጣ ለመንደሩ የመጀመሪያው ነበር። "እኔ አላውቅም። ይመኙሻል ግን ጨዉ አልቅሷል ትላለች። እናንተስ? ዓይን አላችሁ፤ ዛሬ ምን አያችሁ?"

ከዚያ ፈንታሁን እያፈረ የሱረት ቅሉን አወጣ። "የኔም ሱረት ከጠዋት ጀምሮ ተጣብቋል" አለ።

"አህያዬም ዛሬ በዱላ ነው ከበረት የወጣችው" አለ ጎረቤቱ።

"ከበሮዬም ጠዋት ስነካት 'ዱፍ' ነበር ያለችው" አለ ከበሮ መቺው።

የአንጓች ልጅ ደግሞ ጣቷን ወደ አውድማው ዳር ዘረጋች። ጉንዳኖች ዕንቁላላቸውን ተሸክመው በሰልፍ ወደ ላይ ይወጣሉ። "ከጠዋት ጀምሮ ቤት እየለቀቁ ነው" አለች።

"አይታችሁ ለምን ዝም አላችሁ?" አለች አንጓች።

መልሱ ግልጽ ነው፤ ጉልበቱ ተናግሮ ነበራ!

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ሥራ ባይናችሁ ባያችሁት። በሬዎቹ ወጡ፤ መንሹም እጁም ነጠላውም ጤፍ ተሸከመ። አያ ደምለው በዳነው ጉልበቱ ተንበርክኮ እየታቀፈ ያቀብል ነበር። ከምዕራብ በኩል አንዲት ደመና ብቅ ስትል ክምሩ ወገቡ ላይ ደርሷል። ደመናዋ ጠቁራ ስትሰፋ ጫፉ ሊገጥም ትንሽ ቀርቶታል። የመጀመሪያው ጠብታ ሲወርድ አያ ደምለው ጋቢውን አውልቆ ክፍት የቀረው ላይ ጣለው። ሌላውም ቁርበቱን፣ ሌላዋም ነጠላዋን ጣለች። ያለወቅቱ የመጣው ዝናብ ወረደ፤ አውድማው ኩሬ ሆነ፤ ሰው ሁሉ ከክምሩ ጥግ ተጣብቆ በሰበሰ። ከአንጓች ጤፍ የተበላሸው መሬት ላይ የቀረው አንድ እንቅብ ያህል ብቻ ነው። የዓመቱ ቀለብ ተረፈ።

በማግስቱ ጠዋት አያ ደምለው ደጅ የቆመ ሰው አልነበረም። እሱ ራሱ ቅቤዋን በኮባ ቅጠሏ እንደተጠቀለለች ይዞ ወደ አንጓች ቤት ሄደ።

"ይኼን መልሼልሻለሁ" አለ መሬት መሬቱን እያየ። "የጉልበት ነበር፤ ጉልበቱ ደግሞ ሥራ ፈትቷል።"

አንጓች እጁን ወደ ደረቱ መለሰችለት።

"ይያዙት አያ ደምለው። ለጉልበትዎ ነው ያመጣሁት፤ ጉልበትዎ እንደ ትናንት ሠርቶ አያውቅም" አለችው።

አያ ደምለው ቅቤዋን ደረቱ ላይ እንደያዘ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሃያ ዓመት የተቀበለው ቅቤ ሁሉ ያን ዕለት አሳፈረው፤ ያቺ አንዲቷ ግን አኮራችው።

እነሆ ነገሩ ይኼው ነው። አንድ ሰው እርግጠኛ ሆኖ ሲናገር፣ ሌላው የገዛ ዓይኑ ያየውን ይጠራጠራል፤ ጨዉም ሱረቱም ጉንዳኑም እየተናገሩ ሰሚ ያጣሉ። የማያውቀውን "አላውቅም" ያለ ሰው ደግሞ የሌላውን አፍ ይከፍታል፤ የጎረቤቱንም ጎተራ ያድናል። ክብር የሚጎድል ቢመስለውም፣ የሚጎድለው ሁለተኛው በርጩማ ብቻ ነው።

እናንተስ የተጣበቀ ሱረት በእጃችሁ ይዛችሁ፣ ማን ተናግሯል ብላችሁ ነው ዝም ያላችሁት? ወይስ የዳነ ጉልበት ይዛችሁ እስከ ዛሬ ታነክሳላችሁ?